«ባህር ዳር ሆቴል» የሚለውን ስንት ጊዜ ልድገመው? ላልሽው እህት

እህቴ፣ ባህር ዳር ለከፈትሽው ትንሽ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ የሠራልሽ ልጅ «ባህር ዳር ሆቴል የሚለውን በየመስመሩ ካልደጋገምሽ ጉግል አያወጣሽም» ብሎሻል፤ ስታነቢው ግን ለራስሽም አልጥም አለሽ። ለሰው ልጻፍ ወይስ ለጉግል ነው ጥያቄሽ። እኔም አንዴ በዚሁ ስለተሸወድኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ዳንግላ ማር ለሚነግደው አጎቴ ገጽ ሠራሁለት። «የጎጃም ማር» የሚለውን አንድ ገጽ ላይ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰካሁት። «ምርጥ የጎጃም ማር ከፈለጉ የጎጃም ማር የሚገኘው ከጎጃም ማር ቤት ነው»፤ ድግምት ነው የሚመስለው። የገባው ሰው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። ጥቂት የሚደውሉትም የሚጠይቁት ገጹ ላይ የሌለውን ነው፦ ኪሎው ስንት ነው? ለጠጅ ይሆናል? የተጣራ ነው ወይስ ከነሰፈፉ? አዲስ አበባ በምን ትልኩታላችሁ? አጎቴ አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ለፍልፈህ ዋጋውን ረሳኸው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሱቁ ተቀምጬ የደዋዩን ሁሉ ጥያቄ በራሱ አነጋገር ደብተር ላይ ጻፍኩ። ገጹን ከደብተሩ እንደገና ሠራሁት። እያንዳንዱ ጥያቄ ንዑስ ርዕስ ሆነ፤ መልሱም ከሥሩ በሁለት በሦስት መስመር። አዲስ ማር በጥቅምትና በኅዳር የሚበዛው አደይና ኑግ ካበበ በኋላ ስለሆነ እንደሆነም ጨመርኩ፤ እሱንም ሰው ይጠይቅ ነበር። «የጎጃም ማር» የሚለው ሳላስበው አራት ጊዜ ገባ፣ በቃው። ከወራት በኋላ ሰዎች «ለጠጅ የሚሆን ማር» ብለው ፈልገው ይመጡ ጀመር። ያንን ሐረግ እኔ ብቀመጥ አላስበውም ነበር፤ ደዋዮቹ ናቸው የሰጡኝ።

ስለዚህ ለሰው ወይስ ለጉግል የሚለው ምርጫ ብዙም ስሜት አይሰጠኝም። ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ስልክ ደውሎ የሚጠይቅሽን ነው።

ርዕስ ላይ ግን አደራ፣ ቅኔ አትዝረፊ። እኛ የእነ ዋሸራና የእነ ዲማ፣ የቅኔ ቤቶቹ አገር ሰዎች ነንና ወርቁን መደበቅ እንወዳለን። «የጣና እቅፍ» ያልሽው ርዕስ ያምራል፤ ክፍል የሚፈልግ መንገደኛ ግን እንደዚያ ብሎ አይፈልግም። እሱን ከውስጥ አስገቢው፤ ከላይ «ባህር ዳር ጣና ዳር እንግዳ ማረፊያ፦ የክፍል ዋጋና አድራሻ» ይሁን።

የፊደሉ ጉዳይ የባሰ ነው። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር፤ ዓባይ፣ አባይ፤ ጢስ ዓባይ፣ ጭስ አባይ። የኔታ የሚቆጡበት አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ሰው የሚጽፈው ነው። እኔ የማደርገው ይኼ ነው፦ አንዱን መርጬ ገጹን በሙሉ በእሱ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ግን ቦታ ሲያገኝ ለምሳሌ በፎቶ መግለጫ አንድ ጊዜ አስገባለሁ። ሁሉንም ደርድሮ ግርጌ ላይ መከመር ያስጠላል። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ በነጻ ነው፤ ሰው በየትኛው ፊደል ጽፎ እንደመጣ ያሳይሻል፣ በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም ጭምር። ሌላው፣ አማርኛ ቃሉን «በ»፣ «ከ»፣ «የ» ያለብሰዋል፤ ርዕሱ ላይ የከተማውን ስም ቢያንስ አንዴ እርቃኑን ተዪው።

ዋጋና አድራሻ በፎቶ ላይ ተጽፎ አይለጠፍ። የአገራችን ገጾች ትልቁ በሽታ እሱ ይመስለኛል፤ ጽሑፉ ኮፒ አይደረግ፣ በቀላል ኢንተርኔት አይከፈት፣ ፍለጋም ቢያነበው በእድል ነው። ከድሮ ሰነድ የምትገለብጪ ከሆነም ተጠንቀቂ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነገር ለዓይን አማርኛ፣ ለኮምፒውተር ግን ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ነው። የገጹን አድራሻ ደግሞ በላቲን አሳጥሪው። በግዕዝ ከሆነ ሊንኩ ሲገለበጥ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆንና ቴሌግራም ላይ ሲላክ የተበላሸ ይመስላል።

ልጁ «ሜታ ኪወርድስ» (በገጹ ኮድ ውስጥ ለአንባቢ ሳይታይ የሚቀመጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) ለመሙላት ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቀሽ አትክፈዪ። ጉግል ያንን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. ራሱ ተናግሯል።

ለአንቺ ቤት እኔ ብጽፍ ከመናኸሪያ በባጃጅ እንዴት እንደሚደረስ፣ ሙቅ ውኃ መኖሩን፣ መኪና ማቆሚያውን፣ ወደ ዘጌ ጀልባ ከየት እንደሚነሣ አስቀድማለሁ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እንግዳው መጠየቁ አይቀርም፤ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው እንደሚቀንስ፣ ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት እንደሚያምር እቅጩን ጻፊለት። ቱሪስት ይሸሻል ብለሽ አትፍሪ፤ በየካቲት መጥቶ ጭል ጭል የሚል ውኃ ያየ ሰው ነው የሚያማሽ።

አሁን ስልክ የምትቀበለውን ልጅ ደብተር ስጪያትና የደዋዩን ጥያቄ አንድ ሳምንት ታስፍር። ከዚያ እዚሁ ለጥፊው፣ ርዕሱን አብረን እናወጣለን።