ፋይሉ እንዳይከፈት፣ እንዲወርድ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማዘጋጃቸውን መልመጃዎች በፒዲኤፍ አድርጌ በአንዲት አነስተኛ ድረ ገጽ ላይ አኖራለሁ። ሊንኩን ሲጫኑ ግን ፋይሉ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈታል፤ ስልካቸው ላይ የተቀመጠ እየመሰላቸው ዘግተውት ይሄዱና ማታ ዳታ ሳይኖራቸው ሲፈልጉት ያጡታል። በቀጥታ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ለተማሪዎችዎ ሁኔታም ተገቢ ነው። ፋይሎቹ ያሉት በዚያው በድረ ገጽዎ አድራሻ ከሆነ፣ በኤችቲኤምኤሉ (ገጹ በተጻፈበት ኮድ) ሊንክ ውስጥ ‹ዳውንሎድ› የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጨመር ብቻ ይበቃል። ከቃሉ ቀጥሎ የፋይሉን መጠሪያ በአማርኛ ቢሰጡትም ይቀበላል።

ፋይሎቹ በሌላ አድራሻ የተቀመጡ ከሆነ ግን ብራውዘሮች ለደኅንነት ሲሉ ይህን ቃል ችላ ስለሚሉት፣ ሥራው ፋይሉን ወደሚልከው ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ይዞራል። ሰርቨሩ ማንኛውንም ፋይል ከመላኩ በፊት ሄደር የሚባል አጭር መግለጫ ያስቀድማል፤ ‹ኮንቴንት ታይፕ› የሚለው መስመር ፋይሉ ፒዲኤፍ መሆኑን ሲነግረው ብራውዘሩ ሊያሳየው የሚችለው ዓይነት ስለሆነ ይከፍተዋል፣ ‹ኮንቴንት ዲስፖዚሽን› በሚለው መስመር ላይ ‹አታችመንት› የሚል ቃል ካገኘ ግን ያወርደዋል። አንዳንዶች የፋይሉን ዓይነት በሐሰት ለውጠው ብራውዘሩን ያታልላሉ፤ የወረደውን ፋይል የሚከፍተውን መተግበሪያ ሊያሳስት ስለሚችል አልመክረውም። ሰርቨርዎ የሚሠራው አፓቼ በተባለው ፕሮግራም ከሆነና ሄደር የሚጨምረው ክፍሉ (ሞጁሉ) ከበራ፣ የ‹ኮንቴንት ዲስፖዚሽን›ን መስመር ኤችቲአክሰስ በተባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ለፒዲኤፍ ፋይሎች ብቻ ይጻፉት፤ ለሁሉም ካዋሉት ድረ ገጾቹ ራሳቸው መውረድ ይጀምራሉ።

በዚህኛው መንገድ የአማርኛ መጠሪያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6266 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ እንደሚያዘው፣ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለ መጠሪያ ኮከብ ምልክት ባለበት ‹ፋይልኔም› ሥር፣ ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ዩቲኤፍ 8 ተቀይሮ በፐርሰንት ምልክት ይጻፋል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በፕሮግራም ማስቀየሩ ይሻላል። ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ ከጻፉት መጠሪያው ተበላሽቶ ሊወርድ ይችላል።

ከጨረሱ በኋላ ሲፈትሹ በብራውዘሩ የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ይክፈቱት፤ ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ ከነአሮጌው ሄደር ሊያሳይዎት ይችላልና።