ማሽን በማያስገባ ቅያስ የፓይል መሠረት

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ባለ 3 ፎቅ ቤት ልሠራ ነው። የአፈር ምርመራው ከላይ የተደፋ አፈር፣ ከሥሩ ጥቁር አፈር፣ ከ7 ሜትር በታች ደግሞ አለት መኖሩን ስላሳየ መሐንዲሱ ፓይል (እስከ ጠንካራው መሬት የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) አዟል። ቅያሱ ግን 2 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የጎረቤት ጭቃ ቤት ያዋስነኛል። ሥራ ተቋራጩ «ማሽን ስለማይገባ በሰው አስቆፍረን ፉቲንግ (ሰፊ የኮንክሪት መሠረት) እናስቀምጥ» ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እንዳይስማሙ አጥብቀን እንመክራለን። የተደፋ አፈር ያለ ድጋፍ 7 ሜትር ሲቆፈር በማንኛውም ሰዓት ሊናድ ይችላል፤ ከሥሩ የሚገኙት ደግሞ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የጎረቤትዎም ግድግዳ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የመሠረቱን ጥልቀት የሚወስነው መሬቱ ነው፤ ቅያሱ የሚወስነው የማሽኑን መጠን ብቻ ነው።

ለቦታዎ የሚስማማው ማይክሮ ፓይል የሚባለው፣ ዲያሜትሩ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ፓይል ነው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ፈርናንዶ ሊዚ እ.ኤ.አ. በ1952 ዘዴውን ያስተዋወቀው አሮጌ ሕንፃዎችን ከሥር ለመደገፍ ስለነበር፣ ከጅምሩም ለጠባብ ቦታ የታሰበ ነው። ከመቆፈሪያ ማሽኖቹ መካከል በበር የሚያልፉ አሉ፤ ዘንጋቸውም በአጫጭር ቁራጭ እየተቀጠለ ይወርዳል። በመዶሻ እየተመታ የሚተከለው ፓይል ግን ንዝረቱ ጭቃ ቤቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አይታሰብም።

የተደፋው አፈር ጉድጓዱን እንዳይደፍነው የብረት ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ቱቦ) ከቁፋሮው ጋር አብሮ ይውረድ። በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ቋጥኝ ብዙዎችን ስለሚያታልል፣ መቆፈሪያው ጠንካራ ነገር እንደነካ «አለት ደረስን» ብሎ ማቆም አይገባም፤ የሚወጣው ብናኝ ቀለምና የቁፋሮው ፍጥነት በየሜትሩ እየተመዘገበ፣ መሐንዲሱ ባዘዘው ልክ ወደ አለቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ጥቁሩ አፈር ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ፓይሉን በጎኑ ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይሸሸዋል። ስለዚህ በፓይሉ ውስጥ የሚገባው ብረት ከአናቱ እስከ አለቱ ሳይቋረጥ መውረድ፣ ፓይሎቹን ከላይ በሚያያይዘው የኮንክሪት አግዳሚ (ግሬድ ቢም) እና በአፈሩ መካከልም ክፍተት መተው ይኖርበታል፤ ቢሙ በቀጥታ አፈሩ ላይ ከተሞላ እብጠቱ ሙሉውን ቤት ከሥር ይገፋዋል።

ግራውቱ (ጉድጓዱን የሚሞላው የሲሚንቶና የውኃ ድብልቅ) እስከ ጉድጓዱ ግርጌ በወረደ ቱቦ ተሞልቶ፣ ከላይ ጭቃ ያልቀላቀለ ንጹሕ ግራውት እስኪፈስ ድረስ መቀጠል አለበት። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚበቃው ከ20 እስከ 25 ሊትር ውኃ ነው። ሠራተኞች ቶሎ እንዲወርድላቸው ውኃ ይጨምራሉ፤ ያ ደግሞ ጥንካሬውን ስለሚገድለው ውኃው በመለኪያ ይሰፈር፣ ተቆጣጣሪም ከማደባለቂያው አይራቅ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይታወቅ፤ ቀጭን ፓይል ከላይ የሚመጣውን ጭነት በሚገባ ቢሸከምም፣ የሚንሸራተት ተዳፋት በጎኑ ሲገፋው ይታጠፋል። ስለሆነም መሐንዲስዎ የተዳፋቱን መረጋጋት ለብቻው እንዲያሰላ፣ ዘመም ብለው የሚተከሉ ፓይሎች ወይም የድጋፍ ግንብ እንዲሁም የጎርፍ መውረጃ ያስፈልግ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁ። ሌሎቹ ፓይሎች ከመተከላቸው በፊት አንዱ በጭነት ይፈተን፤ ወጪው ቢከብድም ይህን አይተዉት። ማሽኑ ከመግባቱ በፊትም በጎረቤትዎ ግድግዳ ላይ ያሉትን ስንጥቆች አብራችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ተፈራረሙ።