ለአፍሪካ ቋንቋዎች ኪቦርድ ስንነድፍ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ለቋንቋችን ኪቦርድ ልንሠራ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከቆጠራ። በቋንቋው የተጻፈ በርከት ያለ ጽሑፍ ሰብስቡና የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩ። ዘወትር የሚመላለሰው በአንድ ነካ ይውጣ። አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ሁለት ቁልፍ ቢፈጅ ማንም አያማርርም። ደግሞ ጣት የለመደውን አታናጉ። ሀውሳ የሚጽፍ ሰው ናይጄሪያ ከሆነ የለመደው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው፤ ኒጀር ከሆነ የፈረንሳይኛ። ለአንድ ቋንቋ ሁለት አቀማመጥ ማዘጋጀት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ አንዷ ፊደላችን የሌላ ቋንቋ ፊደል ቁርጥ ናት። ያቺኑ ብንጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳታደርጉት! የጋናና የቶጎው ኤዌ ወገቧ ላይ ጭረት ያላት ትልቅ ዲ አለችው። አይስላንድኛም አለችው፣ ክሮኤሽያኛም አለችው። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ግን ሦስት የተለያዩ ኮዶች። የየራሳቸው ትንሿ ፊደልም መልኳ ይለያያል። ቁልፉ ላይ የአይስላንድኛዋን ካስቀመጣችሁ፣ ጸሐፊው ርዕሱን ከትልቅ ወደ ትንሽ ፊደል ሲቀይር ኤዌ የማያውቃት ፊደል ብቅ ትላለች። ቃሉን ሲፈልገውም አያገኘውም። የቁልፍ ቦታ ነገ ይዛወራል። በተሳሳተ ኮድ የተተየበ መዝገበ ቃላት ግን ማን ቁጭ ብሎ ያርመዋል?

ጥያቄ፦ ነጠላ ትምህርተ ጥቅስን እንደ ፊደል መጠቀምስ?

መልስ፦ ይሄም ጣጣ አለው። ሀውሳ «ልጆች» ለማለት «ያያ» ('ya'ya) ይላል። በናይጄሪያ አጻጻፍ ይህ ምልክት ቃሉ ላይ ሁለቴ ይመጣል፤ መጀመሪያው ላይና መሀሉ ላይ። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ጥቅስ የተከፈተ ይመስለውና የፊተኛዋን ወደ አንድ በኩል፣ የኋለኛዋን ወደ ሌላ በኩል ያጎብጣቸዋል። በአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ፊደል ሁለት ሆነ ማለት ነው። ዩኒኮድ በፊደልነት የሚቆጥራት ተመሳሳይ ምልክት አለች። ቁልፉ እሷን ያውጣ።

ጥያቄ፦ የናይጄሪያውን የዮሩባ ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ምልክት ከፊደሉ በፊት እንተይብ ወይስ በኋላ?

መልስ፦ እኔ በኋላ ባይ ነኝ። ከሥሯ ነጥብ፣ ከላይዋ ጭረት ያላት ኦ በዩኒኮድ አንድ ወጥ ኮድ የላትም። ባለ ነጥቧ ኦ ላይ ጭረቷ ትደረባለች። በእስክሪብቶም ስንጽፍ የሚቀድመው ፊደሉ ነው፤ እጃችን ያንን ያውቃል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ «መልአክ» ብዬ ስጽፍ «መላክ» ይሆንብኛል። ለምን?

መልስ፦ ተነባቢውንና አናባቢውን ተራ በተራ ስንተይብ ፊደሉን በሚያወጡ ኪቦርዶች ላይ «ል» ቀጥሎ የመጣውን አናባቢ ስለሚውጠው ነው። «ል» እና «አ» ተጣብቀው «ላ» ይሆናሉ። ስለዚህ ንድፉ መለያ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ «ል»ን ዘግቶ «አ»ን ለብቻዋ የሚያስጀምር። እኔ አዲስ ኪቦርድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጽፍበት ይህንኑ ቃል ነው።