ሲያትል ላይ «ሁለት ወር ነፃ» የሚለውን ቤት ልያዘው ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከሚኒሶታ ከባለቤትህና ከልጅህ ጋር በጁን ወደ ሲያትል ልትመጣ ነው። አንተ ኡበር ትነዳለህ፣ ባለቤትህ ኤርፖርት ሥራ አግኝታለች። ከተማው ውስጥ አዲስ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ በወር 2,000 ዶላር፣ «ሁለት ወር ነፃ» የሚል ማስታወቂያ አይተህ ልያዘው ወይ ነው ያልከው። እኔ እዚህ ለብዙ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፣ አዲስ ለሚመጡ ሰዎችም ቤት አብሬ ስፈልግ ነው የከረምኩት። የሁለተኛውን ዓመት ሂሳብ ሳትሠራ አትፈርም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ውሉ ላይ የሚጻፈው ኪራይ 2,400 ነው። ሁለቱን ወር ይተዉልሃል፣ የአሥሩን ወር ትከፍላለህ፣ 24,000 ዶላር። እሱን ለአሥራ ሁለት አካፍለው ነው 2,000 ብለው የሚለጥፉት። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጭማሪው የሚታሰበው ከ2,400 ላይ ነው። 5 በመቶ ብቻ ቢጨምሩ እንኳ 2,520 ይሆናል። አንተ በጀትህን የሠራኸው በ2,000 ነው፣ በአንድ ጊዜ 520 ዶላር ይጨመርብሃል ማለት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ከለመደ በኋላ ዕቃ ጭኖ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ እነሱም ያውቁታል።

ሕጉስ አያግዳቸውም ወይ ትል ይሆናል። ዋሽንግተን ስቴት በ2025 ሜይ ላይ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አውጥቷል፣ ገዥው ቦብ ፈርጉሰን ፈርመውበታል። በዓመት 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረቱ፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው ጣሪያው። ግን ሕንፃው ተሠርቶ ሰው መግባት ከጀመረ 12 ዓመት ካላለፈው ጣሪያው አይመለከተውም። ያየኸው ሕንፃ አዲስ ነው ብለሃል። ስለዚህ የሚገድባቸው ገበያው ብቻ ነው።

አሁን ከአሮጌ ሕንፃ ጋር አወዳድረው። ከሲያትል በስተደቡብ ባሉት ኬንት ወይም ተክዊላ ላይ የሰማንያዎቹ ሥራ የሆነ፣ ደረጃው ውጭ የሆነ፣ ምንም «ነፃ» የሌለው ባለ ሁለት መኝታ በ2,100 አገኘህ እንበል። በሁለተኛው ዓመት ጭማሪው ሙሉ 10 በመቶ ቢሆን 2,310 ነው። የሁለት ዓመቱ ድምር 52,920 ይመጣል። የአዲሱ ደግሞ 54,240። ማስታወቂያው ላይ በ100 ዶላር የረከሰው ቤት በሁለት ዓመት 1,320 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ፓርኪንግ ሳይጨመር ነው።

ፓርኪንግ ካልኩ አይቀር የወር ሂሳቡን ልንገርህ። በቅርቡ አዲስ ሕንፃ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ የነበረች ልጅ ወረቀቱን አሳየችኝ። ኪራይ፣ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ ተባይ ማጥፊያ፣ የፖስታ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ፓርኪንግ፣ እና ከሥር ይህንን ሁሉ አስልቶ ለሚልከው ድርጅት ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ። ውሃው በቆጣሪ አይደለም፣ የሕንፃውን ጠቅላላ በነዋሪው ቁጥር አካፍለው ነው። መብራት ለብቻው ይመጣል። ስለዚህ ስትደውል «ኪራዩ ስንት ነው» ብቻ አትበል። «ባለፈው ወር እንደኔ ሦስት ሰው የሆነ ተከራይ ጠቅላላ ስንት ከፈለ» በልና በኢሜይል እንዲልኩልህ ጠይቅ። ዋጋውንም በጽሑፍ ያዝ። ትልልቆቹ ሕንፃዎች ዋጋቸውን በሶፍትዌር ነው የሚያወጡት፣ ማክሰኞ ያየኸው አርብ ይለወጣል። የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2024 ኦገስት ይህን ዓይነት ሶፍትዌር የሚሠራውን ሪልፔጅ የተባለ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ሲከስ ዋሽንግተን ስቴትም አብሮ ከሳሽ ነበር።

ለምን ይህ ሁሉ «ነፃ» በዛ ካልክ፣ መጀመሪያ ኪራዩ ለምን እንደተወደደ ልንገርህ። ከተማው ከ2010 እስከ 2020 ከ608 ሺህ ሕዝብ ወደ 737 ሺህ ነው ያደገው። በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ፣ በምሥራቅ ሌክ ዋሽንግተን ውሃ ነው፣ መሬቱ መሃል ላይ ጠባብ ነው። ያም ሆኖ አብዛኛው የመኖሪያ ሰፈር ለዓመታት አንድ ቤት ብቻ እንዲሠራበት የተከለለ ነበር። አማዞን ሳውዝ ሌክ ዩኒየን ላይ ሲስፋፋ ደመወዝተኛው መጣ፣ ቤቱ ግን አልመጣም። የኛ ሰዎች መጀመሪያ የሰፈሩት ሴንትራል ዲስትሪክት ቼሪና ጄፈርሰን አካባቢ ነበር፣ ምግብ ቤቶቹ አሁንም አሉ። ነዋሪው ግን በኪራይ ምክንያት ወደ ሬነር፣ ከዚያ ወደ ተክዊላና ኤርፖርቱ ወዳለበት ሲታክ፣ ከዚያ ወደ ኬንትና ፌዴራል ዌይ ወረደ። እንጀራ ከቼሪ ገዝቶ ኬንት ድረስ የሚነዳ ሰው ሞልቷል። ይህ ያንገበግበኛል፣ ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት እነዚያ እናቶችና አባቶች ናቸው።

«ነፃ»ው የመጣው ደግሞ እንዲህ ነው። ወለድ ርካሽ በነበረበት ጊዜ የተጀመሩት ሕንፃዎች በ2023 እና በ2024 በብዛት ተከፈቱ። ባዶ ክፍል ሲበዛ ኪራዩን በይፋ ከመቀነስ ይልቅ ወር በነፃ ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባንክና ሕንፃውን ለሚገዛ ሰው የሚታየው ነው። ከ2022 ጀምሮ ወለድ ሲወጣ አዲስ ግንባታ ቀዘቀዘ። እንደኔ እምነት ስጦታው የሚቀጥለው እነዚህ ክፍሎች እስኪሞሉ ድረስ ነው። ማይክሮሶፍትና አማዞን በ2025 በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ መቀነሳቸው መሃል ከተማን ትንሽ ያረግበው ይሆናል፣ ግን እነሱ ናቸው ኡበር የሚጠሩትም። ኪራይ ሲቀንስ ገቢህም አብሮ ሊቀንስ እንደሚችል አስበህ ቁጠር።

አሁን ዋናው ያንተ ችግር። አብዛኛው ማኔጀር የኪራዩን ሁለት እጥፍ ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ገቢ ይጠይቃል። ለ2,400 ኪራይ በሦስት እጥፍ 7,200 በወር ነው። አንተ ደግሞ ታክስ ስታሠራ ማይሉን፣ ነዳጁን፣ ስልኩን ሁሉ ትቀንሳለህ። ባንክህ ውስጥ በወር አምስት ሺህ ቢገባም ታክስ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የቀረው ብቻ ነው። ብዙ ሾፌር በዚህ ነው የሚወድቀው። ሳትመጣ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ ያለፈውን ዓመት ታክስና የባለቤትህን የሥራ ደብዳቤ፣ ደመወዝና ቀን የተጻፈበት፣ አዘጋጅ። ሲታክ ለመስተንግዶና ለትራንስፖርት ሠራተኞች ከስቴቱ የሚበልጥ የራሱ ዝቅተኛ ደመወዝ አለው፣ በ2013 በሕዝብ ድምፅ ነው የወጣው። ስለዚህ ደብዳቤዋ ይጠቅማችኋል።

ያው ዝቅ ያለ የታክስ ገቢ በሌላ በኩል ይረዳሃል። ሲያትል ውስጥ ኤምኤፍቲኢ የሚባል አለ። ባለሕንፃው ከንብረት ግብር ነፃ ይሆናል፣ በምትኩ የተወሰኑ ክፍሎችን ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች በተገደበ ኪራይ ይሰጣል። እንደ መንግሥት የኪራይ ድጋፍ (ቫውቸር) ወረፋ የለበትም፣ ሕንፃው ጋ በቀጥታ ነው የሚጠየቀው። ያየኸውን ሕንፃ ራሱን «ኤምኤፍቲኢ ባለ ሁለት መኝታ አላችሁ ወይ» ብለህ ደውል። ብዙዎቹ ካልጠየቅካቸው አይነግሩህም።

ከተማው ውስጥ ሆነህ ልብ የምትላቸው ሌሎችም ነገሮች አሉ። ሲያትል ላይ ኪራይ ለመጨመር 180 ቀን ቀደም ብለው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፣ ከከተማው ውጭ የስቴቱ ሕግ ቢያንስ 90 ቀን ነው። ጭማሪው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ለመልቀቅ ከተገደድክና ገቢህ ከወሰኑ በታች ከሆነ የሦስት ወር ኪራይ የሚያህል የመዛወሪያ ገንዘብ መጠየቅ ትችላለህ። ዲፖዚቱ (ማስያዣው ገንዘብ) እና የማይመለሱ ክፍያዎች ተደምረው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችሉም። ዲፖዚት ሲቀበሉ የክፍሉን ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት ሰጥተው አብራችሁ መፈረም ግዴታቸው ነው። በዚያ ቀን ስልክህን አውጥተህ ሁሉንም ቅረጽ፦ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ፣ የመስኮቱን ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን የውጭ ግድግዳ ጥግ። እዚህ ክረምቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከእነዚያ ነው፣ ስትወጣም የሚያስከፍሉህ በእሱ ነው። ከወጣህ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን ወይም የቆረጡበትን ዝርዝር ከነማስረጃው መላክ አለባቸው።

ሰው ቤት ክፍል ወይም ቤዝመንት ከሐበሻ ለመከራየት ካሰብክ ለመጀመሪያው ሁለት ሦስት ወር ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት መስመርም ቢሆን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ቤቱን ሳታይ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላክ የሚልህን ማንንም አትስማ።

ሰፈር ላይ ወሳኙ የባለቤትህ ሽፍት ነው። ላይት ሬሉ (የከተማው ባቡር) አሁን ከሊንዉድ እስከ ፌዴራል ዌይ ይሄዳል፣ በደቡብ በኩል ያለው ማራዘሚያ በ2025 ዲሴምበር ነው የተከፈተው፣ ስለዚህ ኬንት ደ ሞይንና ስታር ሌክ ጣቢያዎች አጠገብ ያሉትን አሮጌ ሕንፃዎች ፈልግ፣ ኪራያቸው ጣቢያውን አይቶ ሳይወጣ። ግን ባቡሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ይቆማል። ኤርፖርት ብዙው የጠዋት ሽፍት ንጋት 10 ሰዓት ላይ ነው የሚገባው፣ በባቡር አይደረስም። መኪናውን አንተ ለኡበር ይዘህ ከወጣህ እሷ የምትሄድበት ያስፈልጋታል፣ ለዚያ ፓሲፊክ ሃይዌይ ላይ የሚሄደው ኤ ላይን አውቶቡስ ሌሊትም ይሠራል። እኔ ብሆን ሲታክ ወይም ደ ሞይን፣ ከሃይዌዩ በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው የምፈልገው።

ከቻልክ ደግሞ የዓመት ውል አትያዝ። በጁን ከገባህ የስምንት ወር ጠይቅ፣ ፌብሩዋሪ ላይ እንዲያልቅ። በክረምት ሰው አይዘዋወርም፣ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀርባቸው ስለሚፈልጉ ያኔ መደራደር ትችላለህ። ሽፍቷን እንዳወቅክ እዚሁ ጻፍልኝና የማውቃቸውን ሕንፃዎች በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።