ከመድረክ ለተመለሳችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ኪቦርድ ስጫወትና ዘፈን ሳቀናብር ጸጉሬ ሸብቷል። በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ ታይተው የተመለሱ ልጆች ቤቴን ያንኳኳሉ። ሰፈሩ በአጭር መልእክት ድምፅ ሲሰጥላቸው ከርሟልና «አልበሜን ለበዓል ላድርስ» ይሉኛል። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «የራስህ ዘፈን የቱ ነው?» ብዬ ነው።

ውድድር ላይ የምትዘፍኑት ሰው የሚያውቀውን ነው። አድማጩ የራሱን ትዝታ ይዞ ስለሚጠብቃችሁ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል። የሚሰጣችሁ ደቂቃም ጥቂት ስለሆነ ድምፃችሁ ከፍ የሚልበትን ቦታ ትመርጣላችሁ፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። አልበምን ግን ሰው የሚሰማው ማታ ብቻውን ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ማይኩ ትንፋሻችሁን ሳይቀር ይይዛል፤ ያልገባችሁን ስንኝ በጩኸት መሸፈን አይቻልም። የባቲና የአምባሰል ቅኝቶችን አሳምሮ የሚጫወት ልጅ «እናቴ» የምትለዋን አንዲት ቃል በዝግታ ማለት አቅቶት አይቻለሁ።

ድምፃዊው ዳዊት ጽጌ ባላገሩ አይድል የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸንፎ አገር ካወቀው በኋላ «የኔ ዜማ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ዓመታት ቆይቶ ነው። እኔ ከድሉ ይልቅ ያንን ቆይታ አከብራለሁ።

ስለ ውልም ልንገራችሁ። በካሴት ዘመን አንድ ዜማ በቃል ስምምነት ብቻ ሰጥቼ፣ ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ስሜን አጣሁት። እናንተ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለላችሁ። ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ከአብሮ አደጋችሁ ጋር ቢሆን እንኳ።

ባለፈው ሳምንት ከውድድር የተመለሰች አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። እናቷ ዝናብ ሳይቀድማት የቡናውን ስጥ ስታነሣ የሚያሳይ፣ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ ዘፈን አላት። «ማን ያውቀዋል ብዬ እዚያ አልዘፈንኩትም» አለችኝ። ለድምፅዋ እንዲመቻት የዘፈኑን ኪ (የድምፅ ከፍታ) ዝቅ አደረግሁላት። ሁለተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ቀረጻውን አቆምኩ። እስኪያባራ ተቀመጥን። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ መዝፈኗን አላቋረጠችም።