ነጭ ደሙ 180 ሺህ ለደረሰው ወንድምሽ

እህቴ፣ «የወንድሜ ነጭ የደም ህዋስ 180 ሺህ ሆኗል፣ ጣፊያውም አብጧል፤ ችግሩ መቅኔው ውስጥ ካለው ግንደ ህዋስ ነው ብለው ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉለት፤ ምን ማለት ነው?» ያልሽውን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። ቁጥሩም ጣፊያውም የኔው ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው የደም ካንሰር፣ ሲኤምኤል የሚሉት መሆን አለበት።

1. ወረቀት በተሰጣችሁ ቁጥር እዚያው በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ የመቅኔ ምርመራ አድርጌ (ቦታው ስሙ ይቅር) ውጤቴን ልወስድ ስመለስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና እንኳ ሳትል «የለም» አለችኝ። የት ሄደ ብላት «እኔ በላሁት?»። ሦስት ቀን ተመላልሼ መጨረሻ ላይ እንደገና ተወጋሁ። መቅኔ የሚወሰደው ከኋላ፣ ከዳሌ አጥንት ነው። በጎን ያስተኙሃል፣ ቆዳውን ያደነዝዙታል፣ መርፌው ሲገባ መጫን ነው እንጂ ብዙም አያምም። ሲመጥጡት ግን እግርህን ይዞ የሚጎትት ስሜት አለ፤ እሱ ላይ ማደንዘዣ አይደርስም። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ሁለት ጊዜ ግን ለምን?

2. ጣፊያ ሁሉ ወባ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የምጭን የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ቆላ ስለምውል ሦስት ጊዜ ለወባና ለታይፎይድ ታከምኩ። በሽታዬን ቀድሞ የነገረኝ መሪው ነው፤ የጣርማ በርን ዳገት ስጠማዘዝ ግራ ጎኔን፣ ከጎድኔ ሥር፣ ይነካኝ ጀመር። ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ እጠግባለሁ። አንድ ተራ የደም ቆጠራ ያዘዘልኝ ሰው ቢኖር ስምንት ወር አላባክንም ነበር።

3. ስለ ግንደ ህዋሱ አንድ ወጣት ሐኪም ያስረዳኝን ልንገርሽ። ቀይ ደም የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው፣ ደም የሚያቆመው ፕሌትሌት 10 ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየቀኑ መተካት አለበት፤ ቀዩ ብቻ በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ይመረታል። የዚህ ሁሉ ምንጭ ግንደ ህዋስ ነው። ጽንስ ሳለን ከትልቁ የደም ሥር ግድግዳ ይወጣል፣ ጉበት ገብቶ ይበዛል፣ ከዚያ መቅኔ ውስጥ ይሰፍራል። አብዛኛው ተኝቶ ነው የሚኖረው፤ አንዳንዱ እየነቃ ይከፈላል፣ ልጆቹ ቀይ፣ ነጭ ወይም ፕሌትሌት ይሆናሉ። የኛ በሽታ የሚጀምረው አንድ ግንደ ህዋስ ውስጥ ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር ኤቢኤል የሚባል ጅን ይፈጠራል፤ እሱ «ተራባ» እያለ ያዛል፣ ማቆም አያውቅም። ነጮቹ ግን አብዛኞቹ በስለው ስለሚወጡ ሰውየው ሥራውን እየሠራ 180 ሺህ ይደርሳል። አጣዳፊው ዓይነት ሌላ ነው፤ እዚያ ህዋሶቹ ጥሬ ሆነው ይቀራሉ፣ ቶሎም ይጥላል። ሐኪሙን መጀመሪያ «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ ከዘር አይወረስም፤ እኛ ቤት የአባቴና የእናቴ ወገን አንድ ፋሲካ ሙሉ ሲወቃቀሱ ከረሙ።

4. ክኒኑ። ኢማቲኒብ ይባላል፣ ግሊቬክም ይሉታል። ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚዋጠው፤ ወንድምሽ የሚጾም ከሆነ 9 ሰዓት ሲበላ ይዋጠው። በሦስት ወር ነጭ ደሜ 7 ሺህ ገባ፣ ጣፊያዬ ተመለሰ፣ መሪው ለቀቀኝ። ዳንኩ አልኩ። ጠዋት ዓይኔ ያብጣል፣ ሌሊት ባቴን ይጨመድደኛል፣ ቀጠሮው ደግሞ ሁልጊዜ ሽንኩርት በሚጫንበት ቀን ነው የሚውለው። ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሚስቴ እንኳ ብልቃጡን እያየች የምውጥ ይመስላት ነበር። በአምስተኛው ወር መሪው እንደገና ጎኔን ነካኝ። ስመረመር 140 ሺህ።

ሐኪሙ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ባሕር ዛፍ ቆርጠህ ታውቃለህ?» አለኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ይሄ ይጠየቃል? «ከቆረጥከው በኋላስ?» «ያቆጠቁጣል» አልኩ። «ክኒኑ የሚቆርጠው ከላይ የበቀለውን ነው። የታመመው ግንደ ህዋስ እንደ ጉቶው መቅኔህ ውስጥ ተኝቷል፤ ሲተኛ መድኃኒቱ አይገድለውም።» ስጀምር ይሄን ማን ነገረኝ? ማንም። «በቀን አንድ» ብለው ሰጥተው ሸኙኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው ክኒን እንደ በፊቱ አልሠራልኝም፣ ወደ ሌላ ተቀየርኩ። አይሱዙዋን ያኔ ነው የሸጥኳት፤ አሁን የሰው መኪና ነው የምነዳው። ግን ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጅኑም በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም። ለዓመታት እንዲህ ቆይተው በሐኪም ክትትል የሚያቆሙ አሉ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ይመለስባቸዋል፣ አብዛኛውም በመጀመሪያው ስድስት ወር። ወንድምሽ ገና ሳይጀምር ይሄን ወሬ ባይሰማው ይሻላል።

5. የጻፍኩት ብዙ ሆነ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ከደብረ ብርሃን እነሳለሁ፣ ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ አለኝ። የሚመጣ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጋቢ ይያዝ፣ መኪናዋ ማሞቂያ የላትም።