ዳታ ሴንተርና የካውንቲ የመሬት አጠቃቀም ደንብ፦ ከሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ላውደን ካውንቲ በ2025 ዳታ ሴንተር (ሰርቨር የሚባሉ መረጃ የሚያከማቹና የሚያቀናብሩ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሕንፃ) መሥራትን ከለከለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አልከለከለም፤ የተለወጠው የፈቃዱ መንገድ ነው። ቀደም ሲል መሬቱ በደንቡ ለዚሁ ተግባር በተፈቀደ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ገንቢው የከፍታውንና ከወሰን የመራቁን መስፈርት አሟልቶ ፕላኑን ለባለሙያዎች ያቀርባል፤ እነሱም መስፈርቱ እስከተሟላ ድረስ እምቢ ሊሉ አይችሉም፤ ጎረቤትም አይጠየቅም ነበር። በማርች 2025 የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ (የካውንቲው ተመራጭ ምክር ቤት) ይህን ቀጥተኛ መብት አንስቶ፣ አዲስ ማመልከቻ ሁሉ ሕዝብ አስተያየት ከሰጠበት በኋላ በቦርዱ ድምፅ እንዲወሰን አደረገ። ቦርዱ አሁንም ሊፈቅድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፌርፋክስስ?

መልስ፦ ፌርፋክስ ደንቡን ያጠበቀው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ሕንፃው ከመኖሪያ ቦታ ወሰን ቢያንስ 200 ጫማ፣ ከሜትሮ ባቡር ጣቢያ መግቢያ ደግሞ 1 ማይል መራቅ አለበት፤ የድምፅ ጥናትም ይጠየቃል። በእኔ ግምት ለነዋሪው ከሁሉ የሚጠቅመው የድምፅ ጥናቱ ነው፤ ሌት ተቀን የሚያጓራውን ማቀዝቀዣ ርቀት ብቻውን ጸጥ አያሰኘውም።

ጥያቄ፦ ካውንቲዎች ለምን ይህን ያህል ፈቀዱ?

መልስ፦ ለግብሩ ሲሉ ነው። በሕንፃው ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባሉት ኮምፒውተሮችም ላይ ግብር ይጣላል፤ ሰርቨር ደግሞ ልጅ ወልዶ ትምህርት ቤት አያስገባም፤ ስለዚህ የካውንቲውን የትምህርት ወጪ አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ደንቡ የመብራት ሒሳባችንን ይቀንሳል?

መልስ፦ አይቀንስም። ታሪፍ የሚጸድቀው በክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን እንጂ በካውንቲ አይደለም።

ጥያቄ፦ የተሰጠ ፈቃድ በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ፣ ከማናሳስ የጦር ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ በ2,100 ኤከር ገደማ መሬት ላይ የታቀደው «ዲጂታል ጌትዌይ» የተባለ የዳታ ሴንተር ፕሮጀክት በዲሴምበር 2023 ከአንድ ቀን በላይ በፈጀ ስብሰባ ጸድቆ ነበር። በኦገስት 2025 ግን አንድ ዳኛ ውሳኔውን ውድቅ አደረጉት፤ ምክንያቱም ስብሰባው በጋዜጣ የታወጀው ሕጉ በሚያዘው መሠረት አልነበረም። የማስታወቂያ ጉዳይ ተራ ፎርማሊቲ ለሚመስላቸው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ለመናገር የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ሆኖም በቨርጂኒያ ሕግ የጽሑፍ ማስታወቂያ የሚላከው ለአዋሳኝ ንብረት ባለቤት፣ ለወኪሉ ወይም ለነዋሪው ስለሆነ፣ ደብዳቤው ለእርስዎ ሳይሆን ለአከራይዎ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በቦታው ላይ የሚተከለውን የማስታወቂያ ሰሌዳና የቦርዱን አጀንዳ እርስዎው ይከታተሉ።